የአጎቴ ድምፅ በሲዲ

ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ስሄድ፣ ወፍ እንዲያባርር ገብስ ማሳ ላይ በክር የተንጠለጠለ ሲዲ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ አየሁና፣ አባቴ የመጀመሪያውን የሲዲ ማጫወቻ ከዳንግላ ተሸክሞ የመጣበት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አባቴ የሻጩን ማብራሪያ በቃሉ ይዞት ነበር፤ ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስረዳውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የካሴት ክር በተጫወተ ቁጥር እየተሻሸ ያልቃል፤ ሲዲ ላይ ግን ድምፁ ቁጥር ሆኖ ስለሚጻፍ፣ የሚያነበውም ብርሃን ስለሆነ፣ ሺህ ጊዜ ቢሰማ አያረጅም። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲሰማው እውነትም ጉድ ነበር፤ የማሲንቆው ጭራ ከደጋኑ ጋር ሲፋተግ፣ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ሳይቀር ይለይ ነበር። እናቴ ብቻ አንድ ካሴት በእጇ ይዛ ማጫወቻውን ዙሪያውን ስታይ ቆየችና፣ «ወንድሜንስ በየት በኩል ላስገባው?» አለች።

ወንድሟ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ የሄደው አጎቴ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል በደብዳቤ ፋንታ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ላከላት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። በአዊኛ «እቴ፣ ቀይዋ ላም ወለደች?» ይልና፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ይመስል ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብና የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እናቴም ትመልስለታለች። ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር ጥያቄው ያው ነው፤ መልሷ ግን አዲስ ነበር። ጥጃ ሲወለድ፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ እኛ ክፍል ስናልፍ ትነግረዋለች፤ እኛም እየተጎሻሸምን እንስቅባታለን።

አባቴ ካሴቱን ዳንግላ ወስዶ ወደ ሲዲ አስገለበጠው። ባለሙያው በኮምፒውተር ሽሽ የሚለውን ድምፅ አጠፋ፤ ባዶ የመሰለውን ቦታም ሁሉ ቆርጦ አወጣ፤ ካሴቱ ላይ ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ዘፈን ቀዳበት። በክፋት አልነበረም፤ አጽድቶ ማስረከቡ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ማጫወቻው አጠገብ ተቀመጠች። የአጎቴ ድምፅ አብሮን የተቀመጠ ያህል ጠርቶ ወጣ። ስለ ላሟ ጠየቀ፤ እናቴ «ወለደች፣ ደግሞ...» ስትል ወደ ገብሱ አለፈ፤ ስለ ገብሱ ስትጀምር ስለ እኛ ጠየቀ፤ ከዚያ ደህና ሁኑ ብሎ አበቃ። አባቴ ከመጀመሪያው ሊያስጀምርላት ሲነሳ በእጇ ከለከለችው።

«ተወው፤ ቸኩሏል» አለች።

ሲዲው ዛሬም ይሠራል፤ አጎቴ ከተናገረው አንዲት ቃል አልጎደለችበትም። በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴ ጫግኒ ተዳረች፤ እናቴ ለወንድሟ አልነገረችውም።