ከሦስት እስከ አሥር

ሒሳብ ለማንም አያዳላም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ጠመኔ ለያዘ ሰው ሲያዳላ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትናንት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል በር ሳልፍ ሰሌዳው ላይ የመደመር ምልክቱ ሲግማ ተጽፎ አየሁ። የጠመኔው ሽታ ደሴ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል መለሰኝ።

መምህራችን ከሲግማው ሥር ሦስት፣ ከላዩ አሥር፣ ከጎኑ 2k ጻፈ፤ ከሦስት እስከ አሥር ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረጋችሁ ደምሩ ማለት ነው። «ከአሥር ሦስት ሲቀነስ ሰባት። የሚደመሩት ሰባት ናቸው፤ አማካያቸው አሥራ ሦስት፤ ድምሩ ዘጠና አንድ» አለ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ዘሃራ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሦስትም ራሱ ይቆጠራል እኮ። ስምንት ናቸው፤ ድምሩ መቶ አራት ነው።»

«ወላጅ ሳታመጪ እዚህ ክፍል እንዳትገቢ!»

በማግስቱ ሽማግሌው አባቷ ከገራዶ መጡ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ክፍሉ ፊት ቆሙ። «በአላህ ይዤዎታለሁ መምህር፣ ከትምህርቷ አያስቀሩብኝ።»

«የሚደመሩት ስንት እንደሆኑ ትንገረኛ!» አለ መምህሩ።

አባቷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ፤ ሹክሹክታቸው ግን እኔ ድረስ ተሰማ። «ሰባት በያቸው ልጄ። ስምንቱን ቤት ስንገባ ትቆጥሪዋለሽ።»

«ሰባት» አለች። መምህሩ ጠመኔውን ሰጥቶ ዘጠና አንድን በገዛ እጇ አስጻፋት። ከዚያ ወዲያ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

የትናንቱም አስተማሪ «ከላይኛው ታችኛውን ቀንሱና በቃ» ሲል ቆሜ ሰማሁ። አንድም ተማሪ አልተናገረም።

ልጅዎ ወላጅ አምጣ ተብሎ ሲመጣ፣ ይቅርታ ከመጠየቅዎ በፊት ድምሩን ራስዎ ይሥሩት።