ቼስትነት ነው ያሉት

ልጄ ትናንት ቼስትነት የሚሉትን የፈረንጅ ፍሬ ገዝታ መጣች። ልጣጩን በቢላ እየሰነጠቀች ኦቨን ውስጥ ስትደረድረው አየኋት። ሲበስል ሽታው የተጠበሰ ስኳር ድንች ይመስላል።

"ማም፣ ጀስት ትራይ ዋን" አለችኝ።

ጠግቤያለሁ አልኳት። አልጠገብኩም ነበር። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ የሚከፋው ሰው የለም።

ያኔ የምኖረው እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት፣ ምድር ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ታክሲ የሚነዳ አንድ ልጅ ሊያገባኝ ፈልጎ፣ እናቱ ከአገር ቤት ልትጠይቀው ስትመጣ እኔንም እንድታየኝ ተቀጠረ። እሷ ካልወደደችኝ ነገሩ እንደማይሆን ደብቆኝ አያውቅም።

የወንድሜ ሚስት ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ቢሮ ታጸዳ ነበር። በዚያው ሰሞን ከዛፍ ሥር የረገፈ፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያበራ ቡናማ ፍሬ በቦርሳዋ ሞልታ መጣች።

"ፈረንጅ ለገና የሚበላው ቼስትነት ነው። ሱቅ ውስጥ እሳት ነው፤ እዚያ ግን ማንም አያነሳውም" አለች።

"እትዬ፣ ማንም ካላነሳው የማይበላ እንዳይሆን" አልኳት።

"እሜቴ! ትናንት መጥተሽ ዛሬ ዛፍ ልታስተምሪኝ ነው?"

ወንድሜ ሳቀ።

ልጁና እናቱ በመጡበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦቨኑን ያጋለችውም የጠበሰችውም እሷው ናት። መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖት ብርሃኑ ወተት መስሎ ነበር። እኔ ሳህኑን ብቻ አቀረብኩ። እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ አንዱን ቀመሰች። ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ። ግን እንግዳ ናት፤ ያውም ለልጇ ሚስት ልታይ የመጣች። እንዴት ትተፋዋለች? ዋጠችው።

"ይጣፍጣል፤ እጃችሁ ይባረክ" አለች።

የወንድሜ ሚስት "በሞቴ፣ አንድ ብቻ" እያለች ጨመረችላት። እሷም እየዋጠች በላች። ልጁ ግን አንዱን ነክሶ በናፕኪን ሲጠቀልለው አይቼዋለሁ። ለእናቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከሄዱ በኋላ ልጁ ኮል አደረገ፤ ስልኩን ያነሳችው የወንድሜ ሚስት ናት። እናቱን መኪና ውስጥ አስመልሷት ሆስፒታል ወስዷታል። ሐኪሙ ፍሬው ባክአይ የሚባል፣ ቼስትነት የሚመስል መርዛም ነገር መሆኑን ነግሮታል። እንደምትድን ቢነገረውም ተቆጥቷል። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር።

"ማነው የጠበሰው?" አለ።

የወንድሜ ሚስት ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "እሷ ናት። ተይ ብላት እንቢ አለችኝ፤ ምን ላድርግ?" አለችው።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ሁሉንም አይቷል፣ ሁሉንም ሰምቷል። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እሱ የሶፋውን ክር ይመዝ ጀመር።

አንቺስ ለምን ዝም አልሽ ትይኝ ይሆናል። ከዚያ ቤት ብወጣ ወዴት ልሄድ? ልጁም ቢሆን እኔን ራሴን አልጠየቀኝም። እናቱ "እጇ ለቤት አይሆንም" ብላ ላከች፤ እሱም በዚያው ቀረ። አላለቀስኩም። ሰኞ ሥራ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ስላገባሁት ሰው ደግሞ ምንም የምነግርሽ የለም።

ዘንድሮ የወንድሜ ሚስት ሞተች። ለቅሶው ቤት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቆሜ አስተናገድኩ። ሴቶቹ "እንደ እናት ነበር የያዘችሽ" ሲሉኝ፣ "አዎ" አልኩ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንድሜ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። አርጅቷል። የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

"የዚያን እሑድ..." አለ። "እኔ እኮ ያን ጊዜ..."

ብጠብቀው ይጨርሰው ነበር መሰለኝ።

"ጋሼ፣ ግባ። ኮት አልለበስክም" አልኩት።

በሩን ለቀቀልኝ። ቤት ግን አልገባም፤ ጥግ ላይ እስክታጠፍ ድረስ በሸሚዙ ብቻ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር።