ከሥሩ ቀይ ምልክት ያለው ስኒ

በእናቴ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እማማ ዘይነብ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። ስኒውን አወቅሁት። ባለ ረጅም እግር ወፍ፣ ቀርከሃ፣ የወርቅ ጠርዝ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የደረቀ ቀይ ኩቴክስ።

ያንን ኩቴክስ በስምንት ዓመቴ የቀባሁት እኔ ነኝ። አያቴ ዳንግላ ይኖር ከነበረ ፈረንጅ ያገኟቸው ስድስት የሻይ ስኒዎች ነበሩን። አውሮፓ ተሠርተው በጃፓን አሳሳል ያጌጡ ናቸው ይባል ነበር። ወደ ብርሃን ሲያነሷቸው ከወዲያ በኩል ያለ ጣት ይታያል። እናቴ ከቡፌው አውጥታቸው አታውቅም ነበር። የእማማ ዘይነብ ልጅ የሞተች ዕለት ግን ሁሉንም በትሪ ደርድራ ላከች። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ዕቃ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል ሁሉም ምልክት ያደርግበታል፤ እኔም አደረግሁ።

አምስቱ ተመለሱ።

«አንዱ ቀርቷል! ሄጄ ላምጣው» አልኩ ተናድጄ።

እናቴ እጄን ያዝ አደረገች። «ተይው። እህል ውኃ አልቀምስ ብለው፣ ያንን ወፍ እያዩ ነው ሻይ የጠጡት። ሲበቃቸው ይመልሱታል።»

ስኒ እንዴት ነው የሚበቃው? አልገባኝም። በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር መስኮታቸው ላይ አየው ነበር፤ ለዓመታት አኩርፌያቸው ኖርኩ።

አሁን ለእናቴ ለቅሶ ያመጡልኝን ሻይ ስጨርስ ስኒውን አጥቤ ልመልስላቸው ተነሳሁ።

«ተይው ልጄ» አሉኝ እማማ ዘይነብ። «አሁን አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።»