እዚችው ናት

በፔሩ ተራራ ላይ ባለችው ከተማ በኩስኮ፣ ከሳን ብላስ ደረጃ ግርጌ የሱፍ ኮፍያ የምትሸጠው ሴትዮ ልትፈታው የተነሳችው እንቆቅልሽ ይህ ነው፦ ለእንግዳ እግር «ቅርብ» ማለት ስንት ደቂቃ ነው?

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሩቅ እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ «እዚችው ናት» ትላለች። ልብ በሉ፣ አልዋሸችም፤ ለእሷ እዚችው ናት። ደግሞም እንግዳን «ሩቅ ነው» ብሎ ማስደንገጥ በአገሯ ነውር ነው። ባለፈው ሳምንት ግን በዚያው ጠዋት ከባሕር ጠረፍ የመጣች፣ የደጋ አየር ያልለመደች ባለሽበት መንገደኛ አምናት ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሮ በወንበር ተሸክመው ሲያወርዷት ኮፍያ ሻጯን አየችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻት። መንገደኛዋ ትትረፍ አትትረፍ ለኮፍያ ሻጯ የነገራት የለም። እንቅልፍ የነሳት ግን ያ ምስጋና ነው።

ዛሬ ትንፋሽ እንዲያጥራት አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ጠቅልላ ደረጃውን ትወጣለች።

«አንቺ፣ ባንክ ልትዘርፊ ነው?» አለቻት በቆሎ ሻጯ ሳቱርኒና።

«ዝም በይ እቴ፣ ቁጥሩን አታሳስቺኝ! በእንግዶቹ ሳንባ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እየለካሁ ነው።»

አርባኛው ደረጃ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ትንፋሿ ሳይመለስላት አርባ አንደኛውን ረገጠች።