የገብስማዋ ዶሮ እንቁላሎች

የአባቴ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ሰው እንዴት የእህቱን ዶሮ አርዶ፣ ከዚያው ላይ ድርሻዋን በሰሃን ይልክላታል?

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ባለችው አንዲት ክፍል ትኖራለች። ገብስማዋን ዶሮ አያቴ ስትሞት ለእሷ ነበር የተወችላት። ከእናቷ እጅ የቀረላት ያቺው ብቻ ነበረች። አባቴ አለቃውን ሊጋብዝ ፈልጎ፣ አክስቴ ጨርቅ ልትገዛ በወጣችበት አረዳት። አክስቴ ስትመለስ የላከላትን በላች። «እጃችሁ ይባረክ» ብላ ሰሃኑን አጥባ መለሰች! ኋላ ዶሮዋን ልታስገባ ግቢውን ስትዞር እኔው ነኝ የነገርኳት።

«ዶሮ ዶሮ ነው፤ ሌላ እገዛልሻለሁ» አላት። ዓይን አውጣ!

የቀሯት መደርደሪያ ላይ ያኖረቻቸው የገብስማዋ እንቁላሎች ነበሩ። ርካሽ መፈልፈያ ገዛች፤ የፎም ሳጥን፣ አምፖልና ሙቀት መለኪያ፣ ሌላ ምንም የለውም። መለኪያው ውሸታም ሆኖ ስታገኘው የትኩሳት መለኪያ ከጎኑ አስተኛች። ውሃ እየጨመረች፣ እንቁላሎቹን በእጇ እያገላበጠች ከረመች። መውጫቸው ሲደርስ ሁላችንንም ጠርታ፣ «ከእንግዲህ ክዳኑን የሚነካ የለም። ርጥበቱ ከወጣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅባቸውና ይሞታሉ» አለች።

አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ። አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ክዳኑን ከፍቶ አንገቱን አስግጎ ቆመ። ጮኽኩበት።

«ምን ታካብጂያለሽ? እንቁላል እኮ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅርፊታቸውን መስበር ጀምረው የነበሩ ሁለት ጫጩቶች እዚያው ደርቀው ቀሩ። እኔ እርር ድብን አልኩ፤ አክስቴ ግን ከባዱን ካውያዋን ክዳኑ ላይ ጫነችና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። አባቴ በበሩ ሲያልፍ፣ «እህቴ፣ ልትታቀፊያቸው ነው እንዴ?» አለ። ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች።

የቀሩት ወጥተው ላባቸው እስኪደርቅ ካውያውን አላነሳችም። ከመሃላቸው አንዷ ቁርጥ ገብስማዋን ነበረች። አክስቴ እቅፏ ውስጥ አድርጋት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አባቴ ጫጫታውን ሰምቶ ከተፍ አለ። «ጎበዝ የኔ እህት! ታዲያ የኔ ድርሻስ?»

«ያንተንማ በልተሃል» አለችና በሩን ዘጋችበት።