በእናቴ ፋንታ የጠጣሁት አፈር

እናቴ አፈር ትጠጣ ነበር። እንዲህ ስል የሚደነግጥ አይጠፋምና ላስረዳ፦ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የምታመጣውን እምነት፣ ያንን ከቤተክርስቲያኑ ቅጥር የሚዘገን የተባረከ አፈር፣ ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ በጠበል በጥብጣ ትጎነጫለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ነገር ነው። እኔም አፈር በማጥናት እንጀራ የምበላ ሰው ሆኜ እንኳን ነገሬ ብዬው አላውቅም።

ሥራዬ እዚያው ተራራ ላይ ነው። ከባሕር ዛፉ ሥርና ከቤተክርስቲያኑ ጽዶች ሥር አፈር እየቆፈርኩ ላቦራቶሪ እወስዳለሁ፤ ውስጡ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሳድጌ የትኛው ዛፍ ሥር የትኞቹ እንደሚበዙ አወዳድራለሁ። ተማሪዎቼን “ረግጣችሁ የምታልፉት ሕይወት ነው” እያልኩ አሰለቻቸዋለሁ። “ጀርም” የሚለውን ቃል በንቀት የሚጠራ ተማሪ ካገኘሁማ አልምረውም።

ከዚያ እናቴ ካንሰር ተገኘባት። ሕክምናው ሲጀመር ሐኪሙ አስቀመጠንና መድኃኒቱ የሰውነቷን መከላከያ ስለሚያዳክመው ጥሬ አትክልትና ያልፈላ ውሃ እንዳትነካ፣ ተራ ጀርም እንኳን ሊገድላት እንደሚችል ነገረን። እሷም እሺ አለች። በማግስቱ ጠዋት ጉርድ ሾላ ያለው ቤታችን ወጥ ቤት ስገባ ያቺን የሸክላ ጽዋዋን ይዛ ቆማለች።

“እንዴ! እማዬ! ሐኪሙ ምን አለሽ?”

“ስለ ሰላጣ ነው ያወራው።”

እግዚኦ! ከእጇ ነጠቅኳት። በሕይወቴ ከእናቴ እጅ ነገር ነጥቄ አላውቅም። ከዚያም ከእምነቱ ቆንጥሬ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ምን ፈልጌ እንደሆነ ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ንጹሕ ሆኖ ተገኝቶ እንዲያሳፍረኝ? ወይስ መርዝ ሆኖ እንዲያግዘኝ? ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሕዋስያኑን ያሳደግኩባቸውን ሳህኖች ሳይ በነጭ፣ በቢጫ፣ በሮዝ ነጠብጣብ ተሞልተዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተማሪዎቼን “ኑ እዩ!” ብዬ እጠራ ነበር። ከእነዚህ ተሕዋስያን ዘመዶች መካከል መድኃኒት የተገኘባቸው አሉ፤ ደካማ ሰው የሚገድሉም አሉ። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ዕድሜዬን ሙሉ የተሟገትኩላቸውን ፈራኋቸው፣ ስለፈራኋቸውም ተናደድኩ። ብቻ ግራ ገባኝ።

እራት ላይ ለእናቴ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። “በማሽን ላምክንልሽ። በእንፋሎት ነው፤ ምንም ሕይወት ያለው ነገር አይቀርበትም።”

“ምንም?”

“ምንም።”

“ታዲያ ለምን እጠጣዋለሁ?”

ሕይወት የሌለው አፈር አቧራ ነው እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኛ! “የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ፤ የአፈር ሊቋ ልጄ አፈር ፈራች” ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ ጸጉሯ መርገፍ ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ይወስኑ ተባባልን። ቤት ድረስ መጡልንና ሁሉንም አጫወትኳቸው። “ሐኪሙን ስሚ ልጄ። ግንባርሽን ተቀቢው እንጂ አትጠጪው” አሏት። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ የቆየው እሳቸው ከበር እስኪወጡ ነው።

“አባ የከለከሉት እኔን ነው” አለችኝ። “አንቺን አልከለከሉም። ትጠጪልኛለሽ።”

“እኔ?”

“አዎ አንቺ! ሆዴ ውስጥ እያለሽ ማን ነበር የሚጠጣልሽ?”

ምን ይባላል? ጠጣሁ። ከሥራ በፊት የማልተዋትን ማኪያቶ ትቼ፣ በባዶ ሆዴ፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ጉሮሮዬን እያየች፣ ሳህኑ ላይ ያየኋቸውን እያስታወስኩ ዋጥኩት። መጀመሪያ ላይ እሷ ሰላም እንድታገኝ ብዬ ነው። ሥራ ቦታ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ውሎ አድሮ ግን ጠዋት ስነሳ እግሬ ራሱ ወደ ጽዋው ይወስደኝ ጀመር። አንድ ቀን አርፍጄ ሳልጠጣ ወጣሁና መገናኛ ስደርስ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት ተመለስኩ። የሚያድናት መድኃኒቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእኔ ሆድ የገባ አፈር ለእሷ ደም ምንም እንደማይሠራም አውቃለሁ። ግን ተመለስኩ።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ የደም ውጤቷን አየና ፈገግ አለ። መከላከያዋ ተመልሷል፤ ከእንግዲህ ያሻትን ትብላ፣ ያሻትን ትጠጣ። እናቴ እዚያው ቢሮው ውስጥ እልል አለች።

በማግስቱ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ወጥ ቤት ጠበቀችኝ። እንደለመድኩት በጥብጬ ሳበቃ እጇን ዘረጋች።

“በይ፣ ጽዋዬን መልሺልኝ።”

ልሰጣት ፈለግኩ። የሐኪሙን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ውጤቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። እጄ ግን እምቢ አለ።

“ዛሬንም እኔ ልጠጣልሽ” አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። “ፈርተሽልኝ ነው ወይስ አምነሽ?”

“እኔ እንጃ፣ እማዬ” አልኩና አለቀስኩ።