ከኋላዬ መግባት የነበረባት

ዛሬ ስዌፍየህ ሰፈር ከአንድ ጫማ ቤት በር ስንደርስ የአዲስ ጎማ ሽታ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ፣ እዚሁ ዮርዳኖስ፣ አማን ስታዲየም ውስጥ፣ የመሮጫው ጎማ በፀሐይ ግሎ እንዲሁ ይሸት ነበር።

ዓይነ ስውር ነኝ። መሪዬ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እጃችንን በአጭር ገመድ አስረን አብረን እንሮጣለን። መሪ ከሯጩ ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። ይህን እሷ መቶ ጊዜ ሰምታለች። ልንጨርስ ስንል ሕዝቡ ጮኸ፤ ገመዱም ወደ ፊት ሳበኝ። ቀድማኝ ገባች። አንደኛ ወጥቼ ነበር፤ ተሰረዘ።

አብዱን ሰፈር ካለችው አሠሪዋ፣ ከማዳሟ፣ አስፈቅዳ የመጣችው እናቴ ገመዱን ከእጄ እየፈታች፣ «እህትሽ ናት፤ ቻይው» አለችኝ።

ቻልኩት። ዛሬም የምይዘው የእህቴን ክንድ ነው።

የጫማ ቤቱን በር ከፈተችና፣ «ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ» አለችኝ።